ወርቁ ሳይወጣ ሕጉ ይውጣ

መንግሥት ባለድርሻ በሆነበት ማዕድን ሠራተኛው ሥራ ሲያቆም ዳኛው ማን ነው? ከማሪካና ለወለጋ የሚተርፍ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል ነቀምቴ የሚገባው አስፋልት ሲሬን አቋርጦ ያልፋል። ከነቀምቴ ወዲያ ያው መንገድ ጊምቢን፣ ነጆንና መንዲን ነክቶ አሶሳ ይዘልቃል። ሲሬና አካባቢዋ፣ ማለትም የሲቡ ሲሬ ወረዳ፣ የበቆሎ አገር ነው። የምዕራቡ ወርቅ ነገር ግን ከደጃፏ የራቀ አይደለም። የቁፋሮው ማሽን፣ ነዳጁ፣ ሥራ ፍለጋ የሚወጣው ወጣት፣ ወታደር የጫነው መኪና፣ ሁሉም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ወርቁ ደግሞ ዛሬ የአገር ጉዳይ ሆኗል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባው ወርቅ በአንድ ጊዜ አሻቀበ። በ2017 በጀት ዓመት የወርቅ የወጪ ንግድ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቶ ቡናን አስከነዳ። የዚህ ወርቅ አብዛኛው የሚገኘው በዶማና በገበቴ ከሚሠሩ ባህላዊ አምራቾች ነው። አሁን ግን በምዕራቡ ክፍል ትልልቅ ማዕድኖች እየመጡ ነው፤ በምዕራብ ወለጋ ገንጂ ወረዳ የቱሉ ካፒ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የኩርሙክ። ዶማ የያዘው ወጣት ደመወዝተኛ፣ የራሱ ጌታ የነበረው አምራች ተቀጣሪ የሚሆንበት ዘመን ደርሷል።

ስለ ቶኑና ስለ ዶላሩ ብዙ ተወርቷል። እነዚህ ማዕድኖች የሚቀጥሩት ሰው አንድ ቀን «ደመወዜ አይበቃኝም» ብሎ መሣሪያውን ቢያስቀምጥ ምን እንደሚገጥመው ግን ሲጠየቅ አይሰማም። ጥያቄው የቸኮለ ይመስላል፤ ቱሉ ካፒ ገና ወርቅ አላፈሰሰም። ነገር ግን የሌሎች አገሮች ታሪክ የሚያሳየው አድመኛ ላይ የሚተኮሰው ጥይት የሚወሰነው በተኩሱ ቀን አለመሆኑን ነው። የሚወሰነው ቀደም ብሎ ነው፤ መንግሥት ባለድርሻም፣ ጠባቂም፣ ዳኛም ሲሆንና ሠራተኛው ቅሬታውን የሚያቀርብበት ገለልተኛ ወንበር ሲጠፋ። ስለዚህ ጉዳይ ከነሐሴ 2004ቱ የደቡብ አፍሪካ እልቂት የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

ማሪካና፦ ሰባት ቀን የፈጀ ጥፋት

ማሪካና ከሩስተንበርግ ከተማ አጠገብ የምትገኝ የፕላቲነም መንደር ናት። ማዕድኑ በለንደን የተመዘገበው የሎንሚን ኩባንያ ነበር። ከመሬት በታች ዓለት የሚሰረስሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከሩቁ ምሥራቃዊ ኬፕ የመጡ፣ ኑሯቸውም ውኃና መብራት በቅጡ በማይደርሳቸው የቆርቆሮ ጎጆዎች ውስጥ የነበረ ነው። ኩባንያው የማዕድን መብቱን ሲያጸና 5,500 ቤት ሊሠራላቸው ቃል ገብቶ ነበር። የሠራው ሦስት ማሳያ ቤት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በጎረቤቱ ኢምፓላ ማዕድን የነበሩ ዓለት ሰርሳሪዎች ከማኅበራቸው ውጭ አድመው ጥሩ ጭማሪ አግኝተው ነበር። ሎንሚንም እንዳይደርስበት ፈርቶ በሐምሌ ወር ከማኅበሩ ጋር ሳይደራደር ለዓለት ሰርሳሪዎቹ 750 ራንድ አበል ጨመረ። ሠራተኛው ከዚህ የተማረው ግልጽ ነው፦ ኩባንያው ከማኅበሩ ውጭም መክፈል ይችላል፤ ስለዚህ በቀጥታ መጠየቅ ያዋጣል። ነሐሴ መባቻ ላይ ሠራተኞቹ በወር 12,500 ራንድ፣ በወቅቱ ምንዛሪ 1,500 ዶላር ገደማ፣ ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ።

ኩባንያው «ዕውቅና ካለው ማኅበር ጋር እንጂ ከእናንተ ጋር አልነጋገርም» አለ። ዕውቅና የነበረው ብሔራዊ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ደግሞ በአድመኞቹ ዘንድ ለአለቆች የቀረበ ሆኖ ይታይ ነበር። ነሐሴ 5 ቀን አድመኞቹ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ከማኅበሩ ሰዎች ወገን ተተኮሰባቸው፤ ሁለቱ ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከረረ። አድመኞቹ ጦርና ቆንጨራ ይዘው ከመንደሩ አጠገብ ባለች ኮረብታ ላይ ሰፈሩ። በቀጣዮቹ ቀናት አሥር ሰው ሞተ፤ ሁለት የኩባንያው ጥበቃዎች፣ ሁለት ፖሊሶች፣ የቀሩት ሠራተኞች። ይህን መሸፋፈን አይገባም፤ ከአድመኞቹ መካከል የገደሉ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን በአድመኞቹ ጦር ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ነሐሴ 8 ቀን የክፍለ ሀገሩ የፖሊስ ኮሚሽነር ከሎንሚን ኃላፊ ጋር ያደረጉት ውይይት በኋላ ላይ ይፋ ሆኗል። የተነጋገሩት ስለ ወንጀል ብቻ አልነበረም። ኩባንያው ከነባሩ ማኅበር ጋር ለሚፎካከረው አዲስ ማኅበር ያደላ እንዳይመስል፣ ከገዢው ፓርቲ የተባረረው ጁሊየስ ማሌማም እንደ ኢምፓላው ጊዜ የሰላሙን ምስጋና እንዳይወስድ ጭምር ተጨንቀዋል። በማግስቱ የኩባንያው የቦርድ አባል የነበሩት ሲሪል ራማፎሳ ነገሩ የሥራ ክርክር ሳይሆን ወንጀል መሆኑን፣ ተመጣጣኝ እርምጃም እንደሚያስፈልገው በኢሜይል ጻፉ። የእሳቸው ኩባንያ ሻንዱካ ሎንሚን ውስጥ 9 በመቶ ገደማ ድርሻ ነበረው። የገዢው ፓርቲ ከፍተኛ አመራርም ነበሩ፤ ለማዕድን ሚኒስትሯና ለፖሊስ ሚኒስትሩ ስልክ መደወል የሚችሉ ሰው፣ ደወሉም። የነገሩ ምፀት ደግሞ ራማፎሳ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው የዚያው የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ፣ የ1987ቱ ታላቅ የማዕድን አድማም መሪ መሆናቸው ነው።

ነሐሴ 9 ማታ የፖሊስ አለቆች በማግስቱ አድመኞቹን ትጥቅ ለማስፈታት ወሰኑ። ጠዋት 4,000 ተጨማሪ ጥይትና አራት የሬሳ መኪና አዘዙ። የአዲሱ ማኅበር መሪ ጆሴፍ ማቱንጅዋ ኮረብታው ሥር ተንበርክኮ «እባካችሁ ውረዱ፣ ሊገድሏችሁ ነው» እያለ ለመነ፤ የሰማው ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ እሾህ ሽቦ ዘረጋ፤ ከኮረብታው የወረደው ቡድን ከሽቦው ጎን ሲዞር በጠመንጃ ተቀበለው። ጥቂት ሴኮንድ ብቻ በቆየው ተኩስ 17 ሰው ወደቀ። ይህን ቴሌቪዥን ቀርጾታል። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ በቋጥኞች መካከል የተሸሸጉት ላይ ሌላ 17 ሰው ተገደለ። በዚያ ካሜራ አልነበረም። ያን ቀን በጠቅላላው 34 ሰው ሞተ፣ 78 ቆሰለ። ለቆሰሉት ሕክምና የደረሰው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። አረንጓዴ ብርድ ልብስ ለብሶ ይመራቸው የነበረው ምጊኔኒ ኖኪ ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

የመንግሥት የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ 270 የተረፉ አድመኞችን በገዛ ጓዶቻቸው ግድያ መክሰስ ሆነ። ሕዝብ ሲጮህ ክሱ ተነሣ። መስከረም ላይ ሎንሚን ከአድመኞቹ ጋር ተደራደረ፤ ከ11 እስከ 22 በመቶ ጭማሪና 2,000 ራንድ ጉርሻ ለመስጠት ተስማማ። ጡረተኛው ዳኛ ኢያን ፋርላም የመሩት አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ የፖሊስን ዕቅድ ክፉኛ ተቸ፤ ሁለተኛውን የግድያ ቦታ በተመለከተ ፖሊስ አጥጋቢ ማብራሪያ ማቅረብ እንዳልቻለ ገለጸ፤ ራማፎሳን ግን ለሞቱ ተጠያቂ አላደረገም። ስለ 34ቱ ሰዎች ሞት እስከ ዛሬ ጥፋተኛ የተባለ ፖሊስ የለም። ራማፎሳ እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ባለቤቱ ሲተኩስ

የማሪካና ታሪክ ብቻውን የቆመ አይደለም። ከእሱ የሚበልጡም የሚያንሱም እልቂቶች አሉ፤ አጥብቆ ለመረመራቸው ግን አንድ ነገር ይደጋገማል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1949 ናይጄሪያ ውስጥ ኢኑጉ አጠገብ ባለው የኢቫ ሸለቆ የከሰል ማዕድን ፖሊስ 21 ሠራተኞችን ተኩሶ ገደለ። ሠራተኞቹ የጠየቁት ውዝፍ ክፍያ ነበር። ማዕድኑ የቅኝ ገዢው መንግሥት ንብረት ነው፤ ስለዚህ ጠያቂው ሠራተኛ፣ ተጠያቂው መንግሥት፣ ታጣቂውም ያው መንግሥት። ፖሊስ ወደ ማዕድኑ የገባበት ሰበብ ፈንጂው በብሔርተኞች እጅ እንዳይወድቅ ማውጣት ነው። የደመወዝ ጥያቄ በባለሥልጣናቱ ዓይን የፖለቲካ አመፅ ሆኖ ነበር። ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ብሎ በሰሜን ሮዴዢያ፣ በዛሬዋ ዛምቢያ፣ ሉአንሺያ የመዳብ ሠራተኞች በግብር ጭማሪ ላይ ሲነሡ ስድስት ሰው ተገድሏል።

ነጻነትም ይህን አልለወጠውም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 2011 ካዛክስታን ውስጥ ዣናኦዜን ከተማ ለወራት አድማ ላይ የቆዩ የነዳጅ ሠራተኞች ላይ ፖሊስ ተኩሶ ቢያንስ 14 ሰው ገደለ። አሠሪው የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ክፍል ነበር። በእነዚህ ሁሉ አገሮች፣ በቅኝ ግዛትም በነጻ መንግሥትም፣ በምርጫም በአምባገነንም ሥር፣ የጋራው ነገር አንድ ነው፦ ማዕድኑ ሲቆም የሚከስረውና ጠመንጃ የያዘው ወይ አንድ ነው፣ ወይ የአንድ ቤት ሰው ነው። ልጁ ቀማኛ፣ አባቱ ዳኛ በሆነበት ችሎት አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ጅል ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሠራተኛውም ከጅልነት ይልቅ ኮረብታውን ይመርጣል።

የራሳችን መስከረም

ኢትዮጵያ ሠራተኛ የሚደራጅበትን ሕግ ያወጣችው ዘግይታ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት አንድነት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ አገሪቱም በዚያው ዓመት የዓለም የሥራ ድርጅትን ሁለቱን መሠረታዊ ስምምነቶች፣ 87ኛውንና 98ኛውን፣ ተቀበለች። የመደራጀትና የመደራደር መብት በወረቀት ከገባ ስድሳ ዓመት አልፎታል።

ይህ መብት ኃይሉን ያሳየው የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በተጀመረው አጠቃላይ የሥራ ማቆም ነው። ለአራት ቀን ያህል አገሪቱ ቆመች፤ የንጉሡ መንግሥትም ቃል ገባ። ሥርዓቱን ለመጣል ከረዱት አንዱ ይህ አድማ ነበር። ከዓመት ተኩል በኋላ ግን በሠራተኛው ስም ሥልጣን የያዘው ደርግ ያንኑ ሠራተኛ ተኩሶ ገደለ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑን የአቋም መግለጫ ሲያሰራጩ የተገኙ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰባት ሰው ሞተ። በቀናት ውስጥ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኮንፌዴሬሽኑም በኋላ ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. ከላይ በተዋቀረ ማኅበር ተተካ።

ልብ ማለት ያለብን አየር መንገዱ የማን እንደነበር ነው። አሠሪውም መንግሥት፣ ተኳሹም መንግሥት። ሰባቱ ሰዎች የያዙት ወረቀት እንጂ ጦር አልነበረም። የማሪካናን ግድያ «የታጠቁ አድመኞች ያመጡት» ብሎ ማለፍ ለሚወድ ይህ የራሳችን መስከረም መልስ ይሰጠዋል፦ ጥይቱ ጦር ባይኖርም ይመጣል፤ የሚጠራው የሠራተኛው መሣሪያ ሳይሆን የባለሥልጣኑ ፍርሃት ነው።

ዛሬ ያለው ሕግ ከዚያ ዘመን የተሻለ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የማሰማት መብትን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 አድማ ከመደረጉ በፊት የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ውሳኔውም በማኅበሩ አባላት ስብሰባ ድምፅ እንዲያልፍ ይጠይቃል። ያው አዋጅ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ወለሉ ግን እስከ ዛሬ አልተወሰነም። በተግባር ደግሞ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎች ታስረዋል። አሠሪው ራሱ መንግሥት ሲሆን የመጀመሪያው መልስ ድርድር ሳይሆን እስር መሆኑ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ወለጋ ለምን ይበልጥ ያሰጋል

ወለጋ ለማዕድን እንግዳ አይደለም። ከቤኒሻንጉልና ከወለጋ የሚወጣው ወርቅ በምኒልክ ዘመን ግብር ነበር፤ የነቀምቴው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞሮዳ ለመሀል አገሩ ከሚያቀርቡት ግብር ውስጥ ወርቁ ነበረበት። በቤኒሻንጉል በሼክ ሖጄሌ ግዛት ወርቁን ከአሸዋ ያጥብ የነበረው ብዙው ባሪያ ነው። በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶ በዩብዶ የፕላቲነም ቁፋሮ ጀመረ። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ወርቁ ሲወጣ የሚቆጣጠረው ከላይ ያለው፣ የሚቆፍረው ግን ድምፅ የሌለው ነው።

ቱሉ ካፒ ይህን ሊለውጥ ይችላል፤ ሊያባብሰውም ይችላል። ፈቃዱ በ2007 ዓ.ም. የተሰጠው ኬፊ ለተባለው የለንደን ገበያ ኩባንያ ነው። በማዕድን አዋጁ መሠረት መንግሥት ያለ ክፍያ 5 በመቶ ድርሻ ያገኛል፤ ለመንገድና ለኃይል መስመር በሚያወጣው ገንዘብ ልክ ደግሞ ድርሻው እንዲጨምር ስምምነት አለ። 350 ገደማ አባወራ ከቦታው ይነሣል። ፕሮጀክቱ ለዓመታት ከተጓተተባቸው ምክንያቶች አንዱ የአካባቢው ጸጥታ መሆኑን ኩባንያው ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ። አንደኛ፣ መንግሥት ባለድርሻ ነው፤ የሮያሊቲ፣ የግብርና የውጭ ምንዛሪ ተጠቃሚም ነው። ማዕድኑ አንድ ሳምንት ሲቆም ኪሳራው በቀጥታ ይሰማዋል። ሁለተኛ፣ ማዕድኑን የሚጠብቀው የዚያው መንግሥት የታጠቀ ኃይል ነው፤ ለሕዝብ ሰልፍ የሰለጠነ ፖሊስ ሳይሆን ለውጊያ የተሰማራ ኃይል። ሦስተኛ፣ አካባቢው ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት የሚዋጉበት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የተሰበሰበ ወጣት ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። «ደመወዝ ይጨመር» ያለውን «ከጫካው ጋር ነህ» ማለት ቀላል ነው፤ ኢኑጉ ላይ የከሰል ቆፋሪውን ብሔርተኛ አመፀኛ እንዳሉት። በሌላው ወገን የታጠቀው ቡድንም የሠራተኛውን ቅሬታ ለራሱ ሊያውለው ይችላል፤ ያኔ በሁለት ጠመንጃ መካከል የሚቀረው ሠራተኛው ነው።

አራተኛም ሊታከል ይገባል፤ እሱም ዝምታ ነው። የማሪካና ሁለተኛው ግድያ የታወቀው ጋዜጠኞች በቋጥኞቹ መካከል ገብተው ስለመረመሩ ነው። ኮሚሽኑም በይፋ ስላጣራ ነው። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት፣ ጋዜጠኛ በማይደርስበት ቦታ ቢተኮስ የሟቹን ቁጥር የሚነግረን ማን ነው?

ከገበሬና ከአምራች ጋር ያለው ግጭትም ከዚህ አይነጠልም። ጉጂ ውስጥ ለገደንቢ ላይ ሚድሮክ ወርቅ ፈቃዱ ለተጨማሪ አሥር ዓመት እንደታደሰ ሲሰማ፣ ነዋሪው ለዓመታት ያሰማው የኬሚካል ብክለትና የአካል ጉዳት ጩኸት ገንፍሎ ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሣ፤ መንግሥት በግንቦት ፈቃዱን አገደ። ሕዝቡ መፍትሔ ያገኘው መንገድ ከዘጋ በኋላ ነው። ይህ ለሁሉም መጥፎ ትምህርት ነበር፤ የሚሰማው የሚዘጋው ነው የሚል። ባህላዊ አምራቹም እንዲሁ ሊገፋ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ስቲልፎንቴን ላይ ፖሊስ ያለ ፈቃድ የሚቆፍሩ ሰዎች እንዲወጡ ለማስገደድ ምግብና ውኃ እንዳይደርሳቸው ሲከለክል ከርሞ እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ከጉድጓዱ 78 አስከሬን ተጎተተ። አንድም ጥይት ሳይተኮስ። የመንግሥት ጭካኔ ሁልጊዜ የጠመንጃ ድምፅ አይኖረውም።

ለሚቃወሙ

ሁለት ተቃውሞ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ «በጦርነት ቀጠና ማዕድን ያለ ጥበቃ አይቆምም» የሚል ነው። እውነት ነው። በወለጋ መንገዶች ላይ ሰላማዊ ሰው ታፍኗል፣ ተገድሏል፤ ሠራተኛውም ጥበቃ ይፈልጋል። ነገር ግን ሠራተኛውን ከታጣቂ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ ኩባንያውን ከሠራተኛው መጠበቅ ሌላ። ችግሩ ሁለቱንም ሥራ አንድ ኃይል፣ በአንድ ትእዛዝ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሲሠራው ነው።

ሁለተኛው፣ «አሁን ስለ አድማ ማውራት ባለሀብትን ያባርራል» የሚል ነው። ማሪካና የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሎንሚን ለዓለት ሰርሳሪዎቹ የሰጠውን ጭማሪ ከእልቂቱ በፊት ቢሰጥ ያው ገንዘብ ነበር። ከእልቂቱ በኋላ ግን ኩባንያው እንደ ቀድሞው አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲባንዬ ስቲልዋተር ጠቀለለው። አድማ ገንዘብ ያስወጣል፤ ግድያ ደግሞ ኩባንያ ያስወጣል።

ምን ይደረግ

መፍትሔው ረቂቅ አይደለም፤ ሁሉም አሁን፣ ወርቁ ሳይወጣ ሊጻፍ የሚችል ነው።

መጀመሪያ፣ የመንግሥትን ሦስት ኮፍያ መለያየት ያስፈልጋል። ድርሻውን የሚያስተዳድረው አካል ስለ ሠራተኛ ክርክር ለጸጥታ አካላት ትእዛዝም ምክርም እንዳይሰጥ በደንብ መከልከል፤ በቦርድ የሚቀመጥ ባለሥልጣን ከኩባንያው ጋር በአድማ ጉዳይ የሚያደርገው ግንኙነት ሁሉ እንዲመዘገብ። ማሪካና ላይ እውነቱ የወጣው ኢሜይልና የተቀረጸ ውይይት ስለተገኘ ነው።

ሁለተኛ፣ ኩባንያው ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ያለው ስምምነት ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ሠራዊቱ የሠራተኛ ክርክር ውስጥ እንዳይገባ፣ ሰልፍ የሚይዘው ለዚያ የሰለጠነ ፖሊስ ብቻ እንዲሆን፣ የጦር ሜዳ ጠመንጃም ወደዚያ እንዳይወሰድ። የፋርላም ኮሚሽን የጦር ሜዳ ጠመንጃ ለሕዝብ ሥነ ሥርዓት ማስከበሪያ እንዳይውል አመልክቶ ነበር፤ እኛ ኮሚሽን እስኪቋቋም መጠበቅ የለብንም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. የ1990 መርሆችም ጦር መሣሪያ ሕይወትን ከቅርብ አደጋ ለመከላከል ብቻ እንዲውል ይላሉ።

ሦስተኛ፣ የመደራደሪያው ወንበር ከመጀመሪያው የቅጥር ቀን ጀምሮ ይዘጋጅ። የኢነርጂ፣ ኬሚካልና ማዕድን ሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ወደ ገንጂ ለመግባት ፈቃድ መለመን የለበትም። ማኅበሩ የኩባንያው ልጅ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ ሠራተኛው እንደ ማሪካና ከማኅበሩ ውጭ መሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ኩባንያው ማኅበር ካልሆኑ አድመኞች ጋርም ቢሆን ለመነጋገር አስቀድሞ ቃል ይግባ። መነጋገር ዕውቅና መስጠት አይደለም፤ ሰው ከመሞት ማዳን ነው። የኦሮሞ ሽማግሌዎች የጃርሱማ ሸንጎ በክርክር መሀል መግባትን ያውቃል፤ ለደመወዝ ድርድር ባይተካም ኮረብታ ላይ የወጣን ሰው ለማውረድ ከእሾህ ሽቦ ይሻላል።

አራተኛ፣ አበዳሪዎቹ ዝም አይበሉ። ለቱሉ ካፒ ብድር የሚያቀርቡት የአፍሪካ ፋይናንስ ኮርፖሬሽንና የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የንግድና ልማት ባንክ የአካባቢና የማኅበራዊ ጥበቃ ቅድመ ሁኔታ የማስቀመጥ አቅም አላቸው። ስለ ተነሺዎች ካሳ የሚጠይቁትን ያህል ስለ አድመኛ ሠራተኛ ሕይወትም ይጠይቁ። ብድሩ ካለቀ በኋላ ይህ አቅም የለም።

አምስተኛ፣ በማዕድን ሥራ ክርክር ሰው ከሞተ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በቀናት ውስጥ ያለ ፈቃድ እንዲገባ፣ ስልክና ኢንተርኔትም እንዳይቋረጥ በሕግ ይደንገግ። የተረፈውን አድመኛ በሟቹ ግድያ መክሰስ የመሰለ ነውር እንዳይደገም።

እነዚህ አምስት ነገሮች አንዳቸውም የመንግሥትን 5 በመቶ አይነኩም፤ የኩባንያውን ትርፍም አያጠፉም። የሚነኩት አንድ ልማድን ነው፤ የአገር ሀብት ሲነካ ጠመንጃው ቀድሞ ይነሣ የሚለውን። ሎንሚን ሠራተኞቹ ሲሞቱ የሰጠውን ጭማሪ በሕይወት ሳሉ መስጠት ይችል ነበር። ደርግም የአየር መንገዱን ሰባት ሠራተኞች ከመግደል ይልቅ የያዙትን ወረቀት ማንበብ ይችል ነበር። ሁለቱም ምርጫ ነበራቸው፤ የመረጡትን መረጡ። ለቱሉ ካፒ ግን የጥበቃ ስምምነቱና የቅጥር ደንቡ ገና ሊስተካከሉ በሚችሉበት ጊዜ ላይ ነን። የመጀመሪያው የወርቅ ጡብ ከቀለጠ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ገንዘብ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ጠመንጃን ከክርክር ለማራቅ የሚቸኩል አይኖርም። የማዕድን ሚኒስቴር፣ ኩባንያውና አበዳሪዎቹ አምስቱን ነጥቦች በውሉ ውስጥ ካላካተቱ፣ ነገ ገንጂ ላይ የሚሆነውን አላወቅንም ማለት አይችሉም።